ትልቅ የልጅ ጋሪ ይዞ ጠባብ ሱቅና የተጨናነቀ አውቶቡስ ውስጥ መግባት

የመጀመሪያ ልጄ ስትወለድ የገዛነው ጋሪ ትልቅ ነበር። ጎማው ወፍራም ነው፣ መቀመጫው ሰፊ ነው፣ ከሥሩ ያለው ቅርጫት የሳምንት አስቤዛ ይችላል። በሰፊ መንገድ ላይ ሲገፉት ደስ ይላል። ልጅቷም እንቅልፍ የሚወስዳት እሱ ላይ ነው። ሰው የሚበዛበት ቦታ ይዤው ስገባ ግን ነገሩ ሌላ ሆነ።

አንድ ቀን አውቶቡስ ውስጥ ነኝ። ጋሪዬን ለዊልቸር በተተወው ቦታ አቁሜያለሁ። ልጄ ተኝታለች። ቅርጫቱ በዕቃ ተሞልቷል፣ እጀታው ላይም ሁለት ቦርሳ ተንጠልጥሏል። በሚቀጥለው ፌርማታ ዊልቸር ላይ ያሉ አንድ አባት ሊሳፈሩ ቀረቡ። ሾፌሩ ወደ እኔ ዞሮ «እህቴ፣ ጋሪውን ልታጥፊው ትችያለሽ?» አለኝ። ማጠፍ ፈልጌ ነበር። ግን ልጄን በየትኛው እጄ እንደምይዛት፣ ዕቃውን የት እንደማደርገው፣ የቱን ቁልፍ እንደምጫን ግራ ገባኝ። ስደናበር ጊዜው አለፈ። ሰውየው «ግድ የለም፣ ቀጣዩን እጠብቃለሁ» ብለው ቀሩ። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ከዚህ በታች የምጽፈው ከዚያ ቀን በኋላ የተማርኩትን ነው።

ከቤት ሳትወጡ

መጀመሪያ ሜትር አምጡና ጋሪያችሁን ለኩ። የምትለኩት መቀመጫውን አይደለም። በአብዛኛው ሰፊው ቦታ የኋላ ጎማው ነው። የእኔ 64 ሳንቲ ሜትር ሆኖ ተገኘ። መንታ ልጆችን ጎን ለጎን የሚያስቀምጡት ጋሪዎች ብዙዎቹ ከ70 ሳንቲ ሜትር ያልፋሉ። ፊትና ኋላ የሚያስቀምጡት ደግሞ ስፋታቸው ከነጠላው ብዙም አይለይም፤ ርዝመታቸው ነው የሚጨምረው። በር ላይ አያስቸግሩም፣ መዞሪያ ላይ ግን ይፈትናሉ። ቁጥሩን አንዴ ካወቃችሁት በር ላይ ቆማችሁ «ያልፋል? አያልፍም?» እያላችሁ አትጨነቁም።

ቀጥሎ ማጠፍ ተለማመዱ። ይህን አደራ እላለሁ። ቤት ውስጥ፣ ማንም ሳያያችሁ፣ ልጁን በአንድ ክንድ ይዛችሁ ደጋግማችሁ አጥፉት። ቅደም ተከተሉ ሁልጊዜ አንድ ይሁን። ፍሬን ይያዛል፣ ልጁ ይወጣል፣ ቦርሳው ይወርዳል፣ ቅርጫቱ ባዶ ይሆናል፣ ከዚያ ይታጠፋል። ብዙ ጋሪዎች ቅርጫታቸው ውስጥ ዕቃ ካለ አይታጠፉም፤ መሃል ላይ ይቀረቀራሉ። ሌላ ትንሽ ልጅ አጠገባችሁ ካለ እጁን አርቁ። መጋጠሚያው ጣት ይቆርጣል። ስትዘረጉትም መቆለፊያው «ቀጭ» ሲል ሳትሰሙ ልጁን አታስቀምጡ። እኔ በሁለት ሳምንት ውስጥ ከሁለት ደቂቃ ወደ ግማሽ ደቂቃ አወረድኩት።

ገና ጋሪ ልትገዙ ከሆነ፣ ከቀለሙና ከጨርቁ በፊት በአንድ እጅ ይታጠፍ እንደሆነ ሞክሩ። እንደ ጃንጥላ የሚታጠፈውን ቀላል ጋሪ የፈለሰፈው ኦወን ማክላረን የአውሮፕላን መሐንዲስ ነበር። ስፒትፋየር በተባለው ተዋጊ አውሮፕላን የማረፊያ እግር ላይ ሠርቷል። እየታጠፈ የሚገባ እግር እንዴት እንደሚሠራ ስለሚያውቅ ዕውቀቱን እ.ኤ.አ. በ1965 አሉሚኒየም በሆነ የልጅ ጋሪ ላይ አዋለው። ክብደቱ 3 ኪሎ ግራም እንኳ አይሞላም ነበር። የእኔ ትልቁ ጋሪ 14 ኪሎ ነው። ደረጃ ላይ ይህ ልዩነት ክንድ ላይ ይታወቃል።

ቦርሳ እጀታው ላይ አታንጠልጥሉ። ልጁ እስካለ ድረስ ሚዛኑ የተጠበቀ ይመስላል። አንዴ ካሸር ጋ ልጄን አንስቼ ሳቅፋት ጋሪው ከነቦርሳው ወደ ኋላ ተገለበጠ። ልጄ ክንዴ ላይ ስለነበረች ተመስገን አልኩ። ከዚያ ወዲህ ዕቃ የምይዘው በጀርባዬ ነው።

ሱቅ ውስጥ

ከመግባታችሁ በፊት በር ላይ ቆም በሉና ወደ ውስጥ ተመልከቱ። መተላለፊያው ላይ ካርቶን ተደርድሯል? ልብስ የተሰቀለበት መስቀያ ወጣ ብሏል? መዞሪያ አለ? ጠባብ ከሆነ ሠራተኛ ጠይቁ። ብዙ ጊዜ ከሌላ በኩል ሰፋ ያለ በር ወይም ሊፍት ይኖራል። የሚሽከረከር በር ላይ አትሞክሩ፤ አብዛኛውን ጊዜ ከጎኑ ተራ በር አለ። ወደ ውስጥ የሚገፋ በር ከሆነ እናንተ ዞራችሁ በጀርባችሁ ገፍታችሁ ክፈቱት፣ ከዚያ ጋሪውን ወደ ኋላ ሳቡት። በሩ ተመልሶ ሲመጣ የሚያገኘው እናንተን እንጂ የልጁን እግር አይደለም።

ተንቀሳቃሽ ደረጃ ላይ በጋሪ አትውጡ፣ አትውረዱም። ባዶ ሆኖ ቢታይም፣ ሊፍቱ ሩቅ ቢሆንም፣ ብትቸኩሉም። ጎማው ከደረጃው ጠርዝ ካመለጠ 14 ኪሎ ጋሪና ልጅ በአንድ እጅ አይያዝም። ሊፍት ከሌለ ልጁን ታቀፉ፣ ጋሪውን አጥፉና በተራው ደረጃ ሂዱ።

መደርደሪያ መካከል ስትዞሩ ዓይናችሁ የፊት ጎማው ላይ ይቀራል። የሚያጋጨው ግን የኋላው ነው። የፊቱ ማዕዘኑን ካለፈ በኋላ የኋላው ወደ ውስጥ ይቆርጣል። ስለዚህ ሰፋ አድርጋችሁ ግቡና ዘግይታችሁ ዙሩ። ልጁ እጁን በሚዘረጋበት በኩል ጠርሙስ ካለ መሃል መሃሉን ሂዱ። ሰልፍ ላይ ከፊታችሁ ካለው ሰው አንድ እርምጃ ራቁ። የጋሪው የእግር ማሳረፊያ የሚደርሰው የሰው ተረከዝ ጋ ነው። ያማል፤ እኔም ተመትቼ አውቃለሁ። «ይቅርታ፣ ልለፍ» የሚባለው ሳይነካ በፊት ነው።

አንድ ጊዜ ደግሞ ቁጭ ብላችሁ ዓለምን በልጁ ቁመት እዩ። ሰው በተጨናነቀበት ቦታ የልጁ ፊት ያለው ቦርሳና ክርን በሚወዛወዝበት ከፍታ ነው። ልጄ ሰው ሲበዛ ለምን እንደምታለቅስ የገባኝ ያኔ ነው። የጋሪውን ጥላ ወደ ፊት ማውረድ ይረዳል። ሙሉ በሙሉ በጨርቅ መሸፈን ግን አይሆንም። አየር አይዘዋወርም፣ ውስጡ ቶሎ ይግላል፣ ልጁም አይታያችሁም።

አውቶቡስና ባቡር

ፌርማታ ላይ ሾፌሩ ሊያያችሁ በሚችልበት ቦታ ቁሙ። ከገባችሁ በኋላ መተላለፊያው ላይ አትቁሙ። ለጋሪና ለዊልቸር የተተወው ቦታ ላይ መደገፊያ ሰሌዳ ካለ የጋሪውን ጀርባ እሱ ላይ አስጠጉት፤ ልጁ ፊቱን ወደ አውቶቡሱ ኋላ ያዞራል። አውቶቡሱ ድንገት ፍሬን ሲይዝ ጋሪው ሰሌዳው ላይ ይደገፋል። ወደ ጎን ካቆማችሁት ግን መዞሪያ ላይ ሊገለበጥ ይችላል። ፍሬን ያዙ፣ የልጁን ቀበቶ እሰሩ፣ አንድ እጃችሁ ደግሞ ከጋሪው አይለይ።

ያ ቦታ በመጀመሪያ የዊልቸር ተጠቃሚው ነው። እሱ ሌላ የሚቀመጥበት የለውም፤ እኛ ግን ማጠፍ እንችላለን። እንግሊዝ አገር ከእኔ ታሪክ ጋር የሚመሳሰል ጉዳይ ፍርድ ቤት ደርሷል። እ.ኤ.አ. በ2012 አንዲት እናት ጋሪዬ አይታጠፍም ብላ ስላልተነሳች ዊልቸር የሚጠቀም ሰው ሳይሳፈር ቀረ። ክርክሩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሄደ። በ2017 ፍርድ ቤቱ ሾፌር «እባክሽ ተነሺ» ብሎ አንዴ ጠይቆ መተው እንደማይበቃው፣ እምቢታው ምክንያት የሌለው ከሆነ ሌላ ነገር መሞከር እንዳለበት ወሰነ። እኔ ግን ሾፌሩ እስኪናገር መጠበቅ አያስፈልግም ባይ ነኝ። ፌርማታው ላይ ዊልቸር ሲታየኝ ልጄን አነሳለሁ። የሚያግዘኝ ሰው ሁልጊዜ አግኝቻለሁ።

ባቡር ጣቢያ ላይ የሚያስፈራው ሌላ ነገር ነው። መጠበቂያው ለጥ ያለ ቢመስልም የዝናብ ውሃ እንዲፈስ ሲባል ተዳፋት ሊሆን ይችላል። ባቡር ሲያልፍም ነፋሱ ይገፋል። ስለዚህ ጋሪውን ፊቱን ወደ ሐዲዱ አድርጋችሁ አታቁሙ፤ ከሐዲዱ ጎን ለጎን ይሁን። ስልክ ለማውጣት ቢሆን እንኳ መጀመሪያ ፍሬን ያዙ። በባቡሩና በመጠበቂያው መካከል ያለው ክፍተት ትንሹን የፊት ጎማ ይውጣል፤ በተለይ ወደ ጎን ዞሮ ከሆነ። ስለዚህ ስትወጡ ዞራችሁ ጋሪውን ወደ ኋላ ሳቡት፣ ትልቁ ጎማ ቀድሞ ይሻገር። በሩ ሊዘጋ ሲል ጋሪውን አስገብቶ ለማስቆም መሞከር ፈጽሞ አይገባም። በሩ ቀጭን ነገር እንዳለ ላያውቅ ይችላል። ሌላ ባቡር ይመጣል።

ደረጃ ላይ እርዳታ ስትፈልጉ ለሁሉም አትናገሩ። አንድ ሰው ምረጡና «ወንድሜ፣ ከፊት በኩል ትይዝልኛለህ?» በሉት። የት እንደሚይዝም አሳዩት። ሰው በደግነት ተንደርድሮ የሚይዘው ልጁ ፊት ያለውን አግዳሚ ወይም የእግር ማሳረፊያውን ነው። እነዚህ ተነቃይ ናቸው፣ እጁ ላይ ሊቀሩ ይችላሉ። ከጎማው በላይ ያለውን ብረት ያዝ በሉት። ስትወጡም ስትወርዱም እናንተ እጀታውን ይዛችሁ ከላይ፣ እሱ ከታች ይሁን። ልጁ ቀበቶ መታሰሩን አይታችሁ «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» ብላችሁ አብራችሁ አንሱ።

ሰው የሚበዛበትን ሰዓት መሸሽ ከተቻለ ከሁሉ ይሻላል። ካልተቻለ እኔ ትልቁን ጋሪ ጨርሶ አልወስድም። ልጄን በማዘያ አዝዬ እወጣለሁ። ጋሪውን በወሰድኩበት ቀንም ማዘያዋ ቅርጫቱ ውስጥ ተጠቅልላ አለች። አሁን ሁለተኛው ልጄ ስድስት ወሩ ነው። ባለፈው ሳምንት አውቶቡሱ ሲጨናነቅ እሱን አዘልኩት፣ ታላቅ እህቱ የታጠፈውን ጋሪ እጀታ ያዘችልኝ፣ እስከምንወርድበት ድረስ እንዲሁ ሄድን።