ዘይቱ ከጨመረ ደስ አይበላችሁ፦ የሚያንጠባጥብ ኢንጀክተርን ሞተር ሳይወርድ መያዝ

ዘይት የጎደለበት መኪና ሁሉንም ያስደነግጣል። የጨመረበትን ግን ማንም ልብ አይለውም። እኔም አላልኩም ነበር። ከአጋሮ ጅማ ቡና በምጭንባት ፒክአፕ አንድ ጠዋት ዘይት ስለካ ከላይኛው ምልክት አንድ ጣት ያህል አልፎ አገኘሁት። ማንም አልጨመረበትም። ሳሸተው ናፍጣ ናፍጣ ይላል። መካኒኩ «ሲሞሉ አብዝተውት ነው፣ ትንሽ ቀንስና ንዳ» አለኝ፤ ቀነስኩና ነዳሁ። በሳምንቱ ብሮንዙ (የሞተሩ መዘውር የሚሽከረከርበት ስስ ብረት) ተበልቶ ሞተሩ ወረደ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኢንጀክተር ነዳጁን ወደ ሞተሩ እንደ ጉም በትኖ መርጨትና ቀጥ አድርጎ መዝጋት አለበት። ጫፉ ካልዘጋ ይንጠባጠባል። ጠብታው በደንብ አይቃጠልም፤ የሲሊንደሩን ግድግዳ ዘይት እያጠበ በፒስተኑ ቀለበቶች በኩል ቁልቁል ወርዶ ከሞተር ዘይት ጋር ይቀላቀላል። የቀጠነ ዘይት ደግሞ ብሮንዝ አያድንም። ናፍጣ ሞተር ላይ ጠብታው ፒስተኑ አናት ላይ እየነደደ ሊበሳው ሁሉ ይችላል። ብዙ ፈስሶ ካደረ ደግሞ ፈሳሽ እንደ አየር ስለማይታመቅ ጠዋት ሞተሪኖ (ማስነሻውን) ስትመቱ ቤላ፣ ማለትም ፒስተኑን የያዘው ክንድ፣ ይጣመማል። ሞተሩ አንዴ «ጓ» ብሎ ቀጥ ካለ ደጋግማችሁ አትምቱ። ኢንጀክተሮቹ (ቤንዚን ከሆነ ካንዴላዎቹ) ይፈቱና ሲሊንደር ውስጥ ፈሳሽ መኖሩ ይታይ።

ምርመራው ከጠዋት ይጀምራል። ሜዳ ቦታ ላይ፣ ሳታስነሱ፣ ሦስት ቀን በተከታታይ ዘይት ለኩ። አንድ ጠብታ ነጭ ወረቀት ላይ አድርጉና ጠብቁ፤ ጥቁሩ መሃል ቀርቶ ዙሪያውን ቀጭን ፈዛዛ ቀለበት እየሰፋ ከሄደ ነዳጅ ገብቶበት ይሆናል። ከዚያ አስነሱና ማርሚታውን እዩ። የጅማ ጠዋት እርጥብ ስለሆነ ነጭ ጭስ ሁሉ በሽታ አይደለም። እንፋሎት ወዲያው ይበናል፣ አይሸትም። ያልተቃጠለ ናፍጣ ግን አየር ላይ ይንጠለጠላል፣ ዓይን ይቆጠቁጣል።

የትኛው ኢንጀክተር እንደሆነ ለመለየት መጀመሪያ የሞተሩን ዓይነት እወቁ። እንደ ቶዮታ 5ኤል ባለ በፖምፓ (ናፍጣውን ወደ ኢንጀክተሮቹ በሚገፋ ፓምፕ) በሚሠራ አሮጌ ናፍጣ ሞተር ላይ፣ ሚኒሞ ላይ (ነዳጅ ሳይሰጠው በዝግታ) እያለ የኢንጀክተሮቹን ቱቦ ዳዶ (ማሰሪያ ብሎን) በየተራ ትንሽ ላላ አድርጎ መልሶ ማጥበቅ ነው። ሲላላ የሞተሩ ድምፅ ካልተለወጠ፣ ወይም ጭሱና ኳኳታው ከጠፋ፣ ተጠርጣሪው እሱ ነው። ኮመን ሬይል (ለሁሉም ኢንጀክተሮች ከአንድ የጋራ ቱቦ በከፍተኛ ግፊት ናፍጣ የሚሰጥ አዲስ ዓይነት) ላይ ግን ይህን በፍጹም እንዳትሞክሩት! ግፊቱ ከ1,000 ባር በላይ ይሄዳል፤ በቀጭኑ የሚወጣው ናፍጣ ቆዳ በስቶ ሥጋ ውስጥ ይገባል፣ ያ ደግሞ ወዲያው ሆስፒታል የሚያስኬድ ጉዳት ነው። እዚያ የሚሠራው ከእያንዳንዱ ኢንጀክተር የሚመለሰውን ናፍጣ በእኩል ጠርሙሶች መቀበል ነው፤ ከሌሎቹ ቀድሞ የሚሞላው ጠርሙስ የደከመውን ያሳያችኋል። ጫፉ ማንጠባጠቡን ግን በእርግጠኝነት የሚነግራችሁ ፖምፓ ቤት (ፖምፓና ኢንጀክተር የሚጠግን ጋራዥ) ያለው የኢንጀክተር መሞከሪያ ነው።

ቤንዚን መኪና ይቀላል። የግፊት ጌጅ ታስሮ ነዳጁ ይሞላል፣ ቁልፉ ይዘጋል፣ አምስት አሥር ደቂቃ ይጠበቃል። ጌጁ ቶሎ ከወረደ አንድ ቦታ ያፈሳል። ካንዴላዎቹን ፍቱ፤ አንዱ ብቻ ጠቁሮ ከረጠበ ፊታችሁ ወደዚያ ሲሊንደር ይዙር። ሞተሩ ሞቆ ከጠፋ በኋላ አልነሳ ማለቱም አንድ ምልክት ነው።

የቶዮታ 1ኬዲ ሞተር ያላችሁ ደግሞ ይህን ለብቻው ያዙልኝ። እሱ ላይ ከነዳጁ በላይ የሚያሰጋው ኢንጀክተሩ ሥር ያለው የመዳብ ሮንዴላ (ጋዝ እንዳያልፍ የሚያፍን ቀለበት) ነው። ሮንዴላው ሲያሳልፍ የሚነደው ጋዝ ወደ ላይ ይወጣል፣ ጥላሸቱ ከዘይት ጋር ይቀላቀላል፣ ታች ያለውን የዘይት መምጠጫ ወንፊት ይደፍናል። ሞተሩ ዘይት ሞልቶ ሳለ ዘይት አጥቶ ይነክሳል (ተጣብቆ ይቆማል)። «ቺፍ ቺፍ» የሚል ድምፅ ከሰማችሁ፣ ወይም ክዳኑ ሲከፈት ኢንጀክተሩ ዙሪያ እንደ ሬንጅ የጠጠረ ጥቁር ነገር ካያችሁ፣ ሮንዴላ ብቻ ቀይራችሁ አትሂዱ። የዘይት ቋቱ ወርዶ ወንፊቱ ይታይ።

ለመከላከል ትልቁ ነገር ንጹሕ ነዳጅ ነው። ማደያ ሰልፍ ሲበዛ በጀሪካን መግዛት እንደሚያጓጓ አውቃለሁ፣ ግን ውሃና አቧራ የኢንጀክተሩን ጫፍ ይበላዋል። የግድ ከሆነ ጀሪካኑን ሳትነቀንቁ አሳድሩት፣ የታችኛውን አትቅዱ። ናፍጣ ፊልትሮው ሥር ያለውን ውሃ በየጊዜው አፍስሱ፣ በክረምት ደግሞ ቶሎ ቶሎ። ኢንጀክተር በተፈታ ቁጥር ሮንዴላው አዲስ ይሁን፤ አሮጌውን ፈትጎ የሚመልስ ጋራዥ ካለ ከፊታችሁ አዲስ ይግባ በሉ።

ጥገናው ካለቀ በኋላ ዘይቱንና የዘይት ፊልትሮውን ሳትቀይሩ እንዳትወጡ። ለሳምንት በየጠዋቱ ለኩ። ዘይቱ ካልጨመረ ቡናውን ጫኑ።