ከአራት ኪሎ እስከ ስድስት ኪሎ ስንት ነው? ልጆችን ርዝመት ስናስለካ የምንሳሳታቸው ነገሮች

የእህቴ ልጅ ሰባት ዓመቷ ነው። ባለፈው ቅዳሜ ፒያሳ እናቴ ቤት፣ ሳሎኑ ጠረጴዛ ላይ ተደፍታ የቤት ሥራዋን ትሠራለች። እርሳስሽን ለኪ ተብላለች። ማስመሪያውን እርሳሱ ሥር አስጠጋች፣ የእርሳሱን መቀመጫ ከ1 ቁጥር ጋር አገጣጠመች፣ አንድ ዓይኗን ጨፍና ሌላኛውን ጫፍ አየችና «አሥራ ሦስት!» ብላ ጻፈች። እናቴ ከወጥ ቤት ሆና «ጎበዝ!» አለቻት።

እርሳሱ 12 ሴንቲ ሜትር ነው።

አንደኛና ሁለተኛ ክፍል ሒሳብ ባስተማርኩባቸው ዓመታት ይህችን 1 ሴንቲ ሜትር ስንት ደብተር ላይ እንዳየኋት ቁጥሩን እግዜር ይወቀው። መጀመሪያ ሰሞን ልጆቹን እቆጣ ነበር። በኋላ ሳስበው ጥፋቱ የኛ ሆኖ አገኘሁት። ቁጠሩ ስንላቸው የኖርነው ከአንድ ጀምረው ነው፤ ታዲያ ማስመሪያ ስንሰጣቸው ከየት ይጀምሩ?

ከ1 መጀመር

ወላጅ ይህን ሲያይ «ከዜሮ ጀምሪ» ይላል። ልክ ነው። ግን ለምን እንደሆነ አይነግራትም። ነገ ጫፉ የተሰበረ ማስመሪያ ቢገጥማት፣ ዜሮዋ ስለሌለች እጇን አጣጥፋ ትቀመጣለች። ልጅቷ ያልገባት ነገር የትኛው ነገር እንደሚቆጠር ነው። እሷ የምትቆጥረው ቁጥሮቹን ነው። ርዝመት ግን ከአንዱ መስመር እስከሚቀጥለው ያለው ክፍት ቦታ ነው።

ይህን ለአዲስ አበባ ልጅ ለማስረዳት ከከተማችን የተሻለ ማስመሪያ አላገኘሁም። እሁድ ጠዋት ይዣት ወጣሁና አራት ኪሎ፣ ሚያዝያ 27 ሐውልቱ ጋ ቆምን። «አሁን ስንት መንገድ ሄድን?» አልኳት። በግርምት አየችኝ። «ገና መች ሄድን?» ጥሩ። ጣት አይነሳም። ሽቅብ ተጉዘን ብሔራዊ ሙዚየምን አለፍ ብለን አምስት ኪሎ ስንደርስ አንድ ጣት አነሳች። የካቲት 12 ሐውልት፣ ስድስት ኪሎ ስንደርስ ሁለተኛዋን። «ስንት ቦታ ጠራን?» አራት፣ አምስት፣ ስድስት፤ ሦስት ስም። «ስንት መንገድ ሄድን?» ጣቶቿን አየች፤ ሁለት።

ቤት ስንመለስ እርሳስ መቅረጫዋን ማስመሪያው ላይ ከ4 እስከ 6 አጋደምኩት። «ስድስት» ልትል አፏን ከፈተች፣ ቆመች፣ ሳቀች። «ከአራት ኪሎ እስከ ስድስት ኪሎ! ሁለት!» ዜሮ ማለት ገና ያልተሄደበት ቦታ መሆኑ በዚያው ገባት። አሁን ሆን ብዬ የተሰበረ ማስመሪያ እሰጣታለሁ፤ ከ3 ጀምራ 11 ላይ ብትጨርስ 8 ነው ትለኛለች።

አንድ ነገር ልጨምር። ርካሽ የላስቲክ ማስመሪያዎች ላይ ዜሮዋ የምትጀምረው ከፕላስቲኩ ጠርዝ ጥቂት ሚሊ ሜትር ገባ ብላ ነው። ጠርዙን ይዞ የለካ ልጅ ሁልጊዜ ትንሽ ይሸወዳል። የአናጺ ሜትር ግን ዜሮው ራሱ ጫፉ ነው። በነገራችን ላይ እዚያ ጫፍ ላይ ያለችው የምትወዛወዝ ቆርቆሮ ተበላሽታ አይደለም። ጠርዝ ላይ አስይዛችሁ ስትስቡ ወደ ውጭ፣ ግድግዳ ላይ ስትገፉ ወደ ውስጥ ትንሸራተታለች፤ የራሷን ውፍረት እንድታካክስ ሆን ተብሎ ነው ላላ የተደረገችው።

የተሳሳተውን ፊት ማንበብ

የልብስ ሰፊ ሜትር ሁለት ፊት አለው፤ በአንዱ ሴንቲ ሜትር፣ በሌላው ኢንች። አንድ ጊዜ ክፍል ውስጥ ልጆቹ ተራ በተራ ቁመት ሲለካኩ አንዱ 118፣ አንዷ 121፣ አንዱ ደግሞ 47 ሆኖ ተጻፈ። ባለ 47ቱ ከባለ 118ቱ ረዘም ያለ ልጅ ነበር። ማንም አልተገረመም! እኔን የከነከነኝ ሜትሩ መገልበጡ ሳይሆን ይሄ ነው። አንድ ኢንች 2.54 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ 47 ኢንች ወደ 119 ይመጣል፤ ልኬቱ ልክ ነበር፣ ስሙ ነው የጠፋው። ቁጥሩን ብቻ ጽፎ መሄድ ስለተለመደ ልጆቹ «47 ምን?» ብለው የሚጠይቁበት ምክንያት አልነበራቸውም። ለትንንሾቹ የኢንቹን ፊት በፕላስተር መሸፈን ነው። ኢንች እንደሆነ ቴሌቪዥን ሲገዙና ቱቦ ሲያስገጥሙ ይደርሱበታል።

ስንዝርን መዝለል፣ ወይም እዚያው መቅረት

ብዙ መምህር ስንዝርና ክንድን «ያለፈ ነገር» ብሎ በሁለት ደቂቃ ያልፋቸዋል። እኔ እዚህ ላይ ቀስ እላለሁ። ከእናቴ ጋር ያደረግነውን ልንገራችሁ። የሳሎኑን ጠረጴዛ እናቴ በስንዝር ለካችው፤ ስድስት። ልጅቷ ለካችው፤ ዘጠኝ።

«እማማ ቆጠራ ተሳስታለች» አለች።

«እኔ? እንደገና ነይ ልኪ!» አለች እናቴ።

እንደገና ለኩ። ያው ስድስት፣ ያው ዘጠኝ። ልጅቷ መዳፏን የአያቷ መዳፍ ላይ ለጠፈችና ዝም አለች። ከዚያ «ለካ እጄ ትንሽ ስለሆነ ነው ብዙ ጊዜ የገባው!» አለች። መለኪያው ሲያንስ ቁጥሩ እንደሚበዛ የገባው ልጅ፣ በኋላ 1 ሜትር 100 ሴንቲ ሜትር ነው ሲባል አይደናገርም። ይህን ያልነካ ልጅ ግን መቶ ከአንድ ስለሚበልጥ 100 ሴንቲ ሜትር የሚረዝም ይመስለዋል።

ሜትርም ቢሆን የመጣው ከዚሁ ንትርክ ነው። በ1790ዎቹ እ.ኤ.አ. ፈረንሳይ ውስጥ ከአገር አገር የሚለያይ ልኬት ሲያሰለች፣ ከማንም ሰው አካል ያልተወሰደ ልክ ተፈለገ። ከሰሜን ዋልታ እስከ ምድር ወገብ ያለው ርቀት አሥር ሚሊዮን ቦታ ቢከፈል አንዱ ክፋይ ሜትር ይሁን ተባለ። ልጆች ይህን ታሪክ ይወዱታል፤ በተለይ «የማን እጅ ይሁን?» ብለው ከተጣሉ በኋላ ሲሰሙት።

በስንዝርም ሆነ በቆርኪ ሲለኩ ሁለት ነገር ይታይ። አንደኛ፣ ትንሿ ጣት ያረፈችበት ቦታ ላይ አውራ ጣት ትምጣ፤ ክፍተትም መደራረብም አይኑር። ሁለተኛ፣ ቆርኪ ሲያልቅ በክብሪት መቀጠል የለም። «አምስት ቆርኪና ሦስት ክብሪት» ልኬት አይደለም።

ጫፍ ሳያስተካክሉ ማወዳደር

ይህ አጭር ነው። ሁለት እርሳስ የቱ ይረዝማል ስንል ልጁ ከላይ ያለውን ጫፍ ብቻ ያያል፤ ከታች አንዱ ገባ፣ አንዱ ወጣ ማለቱን አያይም። ቁመት ሲወዳደሩም ያው ነው፤ ፒያሳን የሚያውቅ ያውቀዋል፣ ግቢው ሁሉ ዳገት ነው፣ ከላይ የቆመው ያሸንፋል። ጀርባ ለጀርባ ከማቆምዎ በፊት ወለሉን ይዩ። የተጠመዘዘ የጫማ ክር ከቀጥ ያለ ክር ጋር ሲቀመጥ «አጭር ነው» ካለዎት፣ አይከራከሩ፤ ጫፍና ጫፉን ይዞ ራሱ ይዘርጋው።

1.5 እና 1.05

እዚህ ላይ የተቀጣሁት እኔው ራሴ ነኝ። ከፍሪጁና ከግድግዳው መሀል የምትገባ መደርደሪያ ፈልጌ ለካሁ፤ አንድ ሜትር ከአምስት ሴንቲ ሜትር። ለአናጺው በስልክ «1.5» ብዬ ጻፍኩለት። ሰውዬው አንድ ሜትር ከሃምሳ አድርጎ፣ አምሮ የተሠራ መደርደሪያ ይዞልኝ መጣ። 45 ሴንቲ ሜትር ትርፍ! ጥፋቱ የኔ ስለሆነ ከፈልኩ፤ መደርደሪያዋ ዛሬም ኮሪደሩ ላይ ቆማለች። የሒሳብ አስተማሪ ነኝ እንግዲህ።

አነጋገራችን ያሳስታል። «ሜትር ከሰባ» ስንል ሰባው ሴንቲ ሜትር መሆኑ ግልጽ ነው፤ 1.70 ብለን እንጽፋለን። «ሜትር ከአምስት» ሲሆን ግን እጅ 1.5 ይጽፋል። ለልጅ የሚቀለው በብር ማስረዳት ነው። አንድ ብር 100 ሳንቲም፣ አንድ ሜትር 100 ሴንቲ ሜትር፤ ስማቸው እንኳ ዘመዳሞች ናቸው፤ ሁለቱም ከ«መቶ» የመጡ ናቸው። አንድ ብር ከአምስት ሳንቲም 1.05 ነው። ሳንቲም ከልጆች እጅ ከጠፋ ቆይቷል፤ ቢሆንም ደረሰኝ ላይ አለች፤ አንድ የድሮ ደረሰኝ አውጥታችሁ ነጥቧን አሳዩ። ለትንንሾቹ ደግሞ ነጥቡን ተዉት፤ «1 ሜትር ከ5 ሴንቲ ሜትር» ብለው ሁለቱን ለየብቻ ይጻፉ። «ሁለት ዜሮ ጨምር» የሚለውን መላ ሳይለኩ የተማሩ ልጆች፣ ዜሮውን የት እንደሚጨምሩት እንኳ አያውቁም።

ሁሉን «ኪሎ» ማለት

«አንድ ኪሎ ሽንኩርት»፣ «አሥር ኪሎ ሮጠ»፣ «አምስት ኪሎ ወረድኩ»። አዋቂ ከአገባቡ ይለያል፤ ሰባት ዓመት ልጅ አይለይም። ስድስት ኪሎ ደርሰን የጠየቀችኝ የመጀመሪያ ጥያቄ «እንግዲህ ሁለት ኪሎ ሜትር ሄድን?» የሚል ነበር። አይደለም፤ እዚያ ቁጥሩ የሰፈር ስም እንጂ ልኬት አይደለም። ኪሎ ማለት «ሺህ» ብቻ ነው። የምን ሺህ እንደሆነ የሚናገረው ተከታዩ ቃል ነው፤ ሺህ ግራም ወይ ሺህ ሜትር። ሙሉውን ቃል መጥራት ከእኛ ይጀምራል። አትሌቶቻችን እዚህ ላይ ይረዳሉ። አበበ ቢቂላ በ1960 እ.ኤ.አ. ሮም ላይ በባዶ እግሩ የሮጠው 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትር ነው። ልጁ «ከ195» የምትለው ኪሎ ሜትር እንዳልሆነች እንዲያስተውል ይጠይቁት።

ሳይገምቱ መለካት

ይሄኛው ስህተት ደብተር ላይ አይታይም፤ ለዚህ ነው ማንም የማያርመው። ልጅ ከመለካቱ በፊት «ስንት ይመስልሃል?» ካልተባለ፣ የበሩ ቁመት 20 ሴንቲ ሜትር ነው ብሎ ጽፎ በሰላም ይተኛል። ለመገመት ደግሞ በጭንቅላት የሚያዝ ነገር ያስፈልጋል። የልጅ የትንሿ ጣት ስፋት ወደ 1 ሴንቲ ሜትር ነው። ቆርኪ 3 ይጠጋል። የብሎኬት ርዝመት 40 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ሁለት ተኩል ብሎኬት አንድ ሜትር ማለት ነው፤ በከተማችን ደግሞ ብሎኬት ያልተከመረበት መንገድ የለም።

ለሜትር የምወደው ምሳሌ ግን ለገሃር ነው። በ1917 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ የገባው የጅቡቲ ባቡር በሁለቱ ሀዲዶቹ መካከል የነበረው ስፋት ልክ 1 ሜትር ነበር። በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የከተማው ቀላል ባቡር ግን 1 ሜትር ከ435 ሚሊ ሜትር ነው። የድሮው ባቡር በአዲሱ ሀዲድ ላይ ይሄዳል? ልጆቹን ጠይቁና ጭቅጭቁን ስሙ። በወለል ላይ በጠመኔ ሁለቱን ስፋት አስምሩላቸው፤ ሀዲድ ለመለካት መውረድ ግን የለም።

ትልልቁን ርቀት ለመገመት ከተማችን ትንሽ ታስቸግራለች፤ እዚህ ርቀት የሚነገረው በታክሲ ሒሳብና በመጨናነቁ ነው። «ሩቅ ነው፣ ሁለት ታክሲ ነው» የሚል ልጅ አስተምሬያለሁ። ስለዚህ ወደ አዲስ አበባ ስቴዲየም እመልሳቸዋለሁ። የመሮጫው አንድ ዙር 400 ሜትር ነው፤ ሁለት ዙር ተኩል አንድ ኪሎ ሜትር፣ 25 ዙር አሥር ሺህ ሜትር። ከዚያ በ2014 ዓ.ም. የተመረቀውን የንግድ ባንክ ሕንፃ አሳያቸዋለሁ፤ ቁመቱ 209 ሜትር ገደማ ነው። «ይህን ሕንፃ መሮጫው ላይ ብናጋድመው ስንት ዙር ይሸፍናል?» ብዙዎቹ ሁለት ወይ ሦስት ዙር ይላሉ። መልሱ ከግማሽ ዙር ጥቂት የሚያልፍ ነው። አያምኑም። ወረቀት ላይ 1 ሴንቲ ሜትሩን እንደ 10 ሜትር ቆጥረው በክር ሲያስቀምጡት ግን 21 ሴንቲ ሜትር የማይሞላ ክር በ40 ሴንቲ ሜትር ክር አጠገብ ተጋድሞ ያዩታል።

«አሥራ ሁለት ምናምን»

ነገር ሁሉ ሙሉ ሴንቲ ሜትር ላይ አያልቅም። ልጅ ይህን ሲያይ ወይ ወደ ቅርቡ ቁጥር ይገፋዋል፣ ወይ ተሳስቻለሁ ብሎ ያጠፋዋል። ሚሊ ሜትርን የማመጣው ያኔ ብቻ ነው፤ ልጁ ራሱ ሲፈልጋት። የእህቴ ልጅ የፈለገቻት በእርሳሷ ምክንያት ነው። ደብተሯ ጀርባ ላይ ሠንጠረዥ አሰመርንና በየቀኑ ማታ እየለካች ትጽፋለች። ሰኞ 12 ሴንቲ ሜትር። ማክሰኞ 11 ከ6 ሚሊ ሜትር። ረቡዕ አልጻፈችም፤ «ረስቼው ነው» አለች። ሐሙስ 9 ከ2። ልጅቷ እርሳሱን ቶሎ ቶሎ እየቀረጸች እንደምትጨርሰው እናቷ ያወቀችው ከዚህ ሠንጠረዥ ነው።