ሲመሽ የሚታመም ዋይፋይ፦ በኔትወርክ ኬብል ኃይል ስንልክ የምንሰራቸው ስህተቶች

ባለፈው ክረምት ሐዋሳ፣ ሐይቁ አካባቢ ካለ አንድ ፔንሲዮን ተደወለልኝ። ባለቤቷ ትልቅ ሴት ናቸው። «ልጄ፣ ይሄ ዋይፋይ ቀን ደህና ይውላል፣ ሲመሽ ይታመማል» አሉኝ። ሄጄ አየሁት፤ እንዳሉት ነው። ቀን ሁሉም አክሰስ ፖይንት (ዋይፋዩን የሚያሰራጨው ዕቃ) መብራቱን አብርቶ ኮርኒሱ ላይ ተቀምጧል። ማታ 2 ሰዓት ገደማ እንግዶቹ ወደየክፍላቸው ገብተው ስልኩም ላፕቶፑም ቴሌቪዥኑም በአንድ ጊዜ ሲገናኝ፣ ሁለተኛ ፎቅ ያሉት ሦስቱ ተራ በተራ ይጠፋሉ፣ ይነሳሉ፣ ደግመው ይጠፋሉ።

ከእኔ በፊት ሁለት ባለሙያ መጥቷል። አንዱ አክሰስ ፖይንቶቹን ቀይሯል። ሌላው ራውተሩን አስቀይሯቸዋል። ብዙ ብር ወጥቷል። ችግሩ ግን ግድግዳው ውስጥ ነበር።

በሐዋሳም በሌላውም ከተማ ሆቴሉ፣ ካፌው፣ ክሊኒኩ አሁን አክሰስ ፖይንቱን በፒኦኢ ነው የሚሰራው፤ አንድ ኬብል ዳታውንም ኃይሉንም ይወስዳል። ግሩም ነገር ነው። ግን ተመሳሳይ ስህተት በየቦታው ስላገኘሁ፣ በተለይ ሥራውን አሁን ለጀመራችሁ ወንድሞችና እህቶች ይሄን ልጻፍ።

መዳብ የመሰለ ኬብል መግዛት

የፔንሲዮኑ በሽታ ይሄ ነበር። ሽቦው ከላይ ሲያዩት ቀይ ነው። ውስጡ ግን አልሙኒየም ነው፤ መዳቡ ላዩ ላይ ብቻ ስስ ሆኖ ተለብጧል። ሲሲኤ ይባላል። ካርቶኑ ላይ ካት 6 ተብሎ (የኬብል ደረጃ ነው) በትልቁ ተጽፏል፤ ሲሲኤ የሚለው ካለም በደቃቅ ፊደል ጥግ ላይ ነው። ዋጋው ረከስ ይላል፣ ለመሳብም ይቀላል፣ ስለዚህ ይገዛል።

አልሙኒየም ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ ችሎታው የመዳብን 60 በመቶ ያህል ነው። ዳታ ብቻ ሲሄድበት፣ በተለይ ርቀቱ አጭር ከሆነ፣ ልዩነቱ ላይታወቃችሁ ይችላል። ኃይል ሲጫንበት ግን ይወጣል። ፔንሲዮኑ ውስጥ ያሉት ዕቃዎች በ24 ቮልት ኢንጀክተር የሚሰሩ ናቸው፤ ኢንጀክተር ኬብሉ ላይ ኃይል የሚጨምር ትንሽ ሳጥን ነው። ሽቦው የተጋለጠ አጭር ኬብል መሃል አስገብቼ በመልቲሜትር ለካሁ። ኢንጀክተሩ ጋ 24 ቮልት አለ። 80 ሜትር ገደማ ተጉዞ አክሰስ ፖይንቱ ጋ ሲደርስ፣ ማታ ሰው ሲበዛ፣ 18 ቮልት ሆኗል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። አክሰስ ፖይንት እንደ ድሮው አምፖል አይደለም። አምፖል ቮልቴጅ ሲያንሰው ይደበዝዛል እንጂ አይጠፋም። አክሰስ ፖይንት ግን የሚፈልገው ዋት አለው፤ ቮልቴጁ ሲወርድበት ያንን ዋት ለማሟላት ተጨማሪ አምፔር ይስባል። ተጨማሪ አምፔር ሲስብ ኬብሉ ላይ የሚባክነው ቮልቴጅ ይጨምራል፣ እሱ ሲጨምር አክሰስ ፖይንቱ ጋ የሚደርሰው ደግሞ ይቀንሳል፣ እንዲህ እንዲህ እያለ በአንዴ ይወድቃል። ከወደቀ በኋላ ጭነቱ ስለሌለ ቮልቴጁ ይመለሳል፣ ዕቃው ይነሳል፣ እንግዶቹ ይገናኛሉ፣ እንደገና ይወድቃል። እትዬ «ይታመማል» ያሉት ይሄንን ነው።

ሦስቱን መስመር በንጹህ መዳብ ቀየርኩ። በዚያው ርቀት፣ በዚያው ኢንጀክተር፣ በዚያው ሰዓት 21 ቮልት ተኩል ደረሰ። ከዚያ ወዲህ አልጠፋም። የተቀየሩት አክሰስ ፖይንቶች ግን መጀመሪያውንም ጤነኛ ነበሩ። ያ ሁሉ ብር በከንቱ ነው የወጣው፤ እስካሁን ያንገበግበኛል።

ስለዚህ እባካችሁ፣ ሱቅ ስትገቡ ሻጩ ፊት ጫፉን ላጡና ሽቦውን በምላጭ ፋቁት። ውስጡ ነጭ ከሆነ አትግዙት። ቀይ ከሆነ እስከ ውስጡ ቀይ መሆኑን እዩ። ካርቶኑን አንሱት፤ የመዳቡ 305 ሜትር ጥቅልል ክብደቱ ያስታውቃል። ሽቦውን ጥቂት ጊዜ ወዲያ ወዲህ እጠፉት፤ አልሙኒየሙ ቶሎ ይሰበራል። ሻጩ ቢቆጣ ይቆጣ። ደንበኛችን ኬብል መለየት አይችልም፣ ምላጭ ይዞም አይመጣም፤ እኛን አምኖ ነው ግድግዳውን የሚያስበሳው። አክሰስ ፖይንት ነገ ይቀየራል። ተለስኖ ቀለም የተቀባ ግድግዳ ውስጥ የገባ ኬብል ግን ለዓመታት ነው።

«ስምንቱም መብራት በርቷል እኮ!»

አብሮኝ የሚሰራ ልጅ አለ፤ ትጉህ ነው፣ እወደዋለሁ። አንድ ቀን አንዱ አክሰስ ፖይንት አልነሳ ሲል «ጋሼ፣ ቴስተሩ ላይ ስምንቱም በርቷል እኮ» አለኝ። ልክ ነው፣ በርቷል። ግን ያ ቴስተር በትንሽ ባትሪ የሚሰራ ነው፤ ሽቦው ከዚህ ጫፍ እስከዚያ ጫፍ መቀጠሉን ብቻ ነው የሚነግረን። ጭነት መሸከም መቻሉን አይነግረንም። ጫፉን ስንቆርጠው አንዱ ሽቦ እስከ መጨረሻው አልገባም፤ የፒኑ ጥርስ ላዩን ብቻ ነክቶታል። ለቴስተሩ መብራት በቂ ነበር፣ ለአክሰስ ፖይንቱ ግን አልበቃም። እንዲህ ያለ ላላ ያለ ግንኙነት ላይ ኃይል ሲያልፍ ፒኑ ይሞቃል፣ ከጊዜ ብዛት ይጠቁራል።

ክሪምፕ ከማድረጋችሁ (ጃኩን ኬብሉ ጫፍ ላይ ከመጭመቃችሁ) በፊት ስምንቱም ሽቦ የጃኩ ግንባር ላይ መድረሱን በዓይናችሁ እዩ። ክሪምፐሩን እስኪለቅ ድረስ ጭመቁት።

ፒኦኢ ሁሉ አንድ ነው ብሎ መሰካት

ደረጃውን የጠበቀው ፒኦኢ ጠንቃቃ ነው። ስዊቹ (ኬብሎቹ ሁሉ የሚሰኩበት፣ ኃይሉን የሚያከፋፍለው ሳጥን) ኃይል ከመልቀቁ በፊት በትንሽ ቮልቴጅ ይጠይቃል፦ እዚያ ማዶ ያለኸው ፒኦኢ ታውቃለህ ወይ? ዕቃው ውስጥ 25 ኪሎ ኦም ገደማ የሆነ ምልክት ካገኘ ብቻ 48 ቮልት አካባቢ ይለቃል። ካላገኘ አይለቅም። ላፕቶፕ ብትሰኩበት ምንም አይሆንም።

ፓሲቭ የሚባለው ግን አይጠይቅም። ሶኬት ላይ ከተሰካበት ደቂቃ ጀምሮ 24 ወይም 48 ቮልቱን እየለቀቀ ነው። አሮጌ የዩቢኪቲ ዕቃዎች፣ ብዙ የማይክሮቲክ ዕቃዎች እንዲህ ናቸው። ሁለቱን ካደባለቃችሁ ከሁለት አንዱ ይሆናል፦ ወይ ዕቃው አይነሳም፣ ወይ ይቃጠላል።

እኔ አቃጥያለሁ። ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት የ48 ቮልት ፓሲቭ ኢንጀክተር ላይ «ፒኦኢ» የሚለውን ቀዳዳና «ላን» የሚለውን አምታትቼ፣ ኃይል ያለበትን ጫፍ የደንበኛ ላፕቶፕ ላይ ሰካሁ። የላፕቶፑ የኔትወርክ ቀዳዳ ወዲያው ሞተ። ይቅርታ ጠይቄ ከኪሴ ከፈልኩ። ዛሬም ኢንጀክተር ስይዝ ጽሑፉን ሁለቴ ሳላነብ አልሰካም፤ እናንተም እንዲሁ አድርጉ። ከዕቃው ጀርባ ያለው ጽሑፍ ላይ ቮልቱን እዩ፤ 802.3ኤኤፍ ወይም 802.3ኤቲ የሚል ካለ ደረጃውን የጠበቀ ነው፣ 24 ቮልት ብቻ የሚል ከሆነ ፓሲቭ ነው።

የስዊቹን ጠቅላላ ዋት አለመቁጠር

ስዊቹ 8 ፖርት አለው፣ ስምንቱም ፒኦኢ ነው፣ ስለዚህ 8 አክሰስ ፖይንት ይሸከማል ብሎ ማሰብ ትልቅ ስህተት ነው። ፖርት መኖርና ኃይል መኖር ይለያያሉ። በ2003 የወጣው 802.3ኤኤፍ በአንድ ፖርት እስከ 15.4 ዋት ይሰጣል። በ2009 የመጣው 802.3ኤቲ እስከ 30 ዋት። በ2018 የመጣው 802.3ቢቲ ደግሞ እስከ 90 ዋት። ግን ስዊቹ በጠቅላላ 60 ዋት ብቻ ካለው፣ ለስምንቱ ሲካፈል 7.5 ዋት ነው የሚደርሳቸው።

አንድ ሆቴል ሥራው ካለቀ ከወራት በኋላ ሌላ ሰው መጥቶ እዚያው ስዊች ላይ አራት ካሜራ ጨመረ። መብራት ሄዶ ሲመጣ ሁለት አክሰስ ፖይንት ሳይነሳ ቀረ። ተበላሽተው አይደለም። ኃይሉ ስላለቀ ስዊቹ ሁለቱን ከለከላቸው። ብዙ ስዊች ካልነገራችሁት በቀር ለትንሹ ቁጥር ፖርት ቅድሚያ ይሰጣል፣ ስለዚህ ትልቅ ቁጥር ያለው ፖርት ላይ የተሰኩት ናቸው የሚጎዱት። የእያንዳንዱን ዕቃ ከፍተኛ ዋት ደምሩ፣ ለነገ ደግሞ ትርፍ ተዉ። ዋይፋይ 6 የሆኑት አዳዲሶቹ ብዙዎቹ 802.3ኤቲ ይፈልጋሉ። ኤኤፍ ላይ ብትሰኳቸው የሚነሱ አሉ፣ ግን አቅማቸውን ቀንሰው ነው፤ ደንበኛው ደግሞ የሙሉውን ከፍሏል።

ሌላ የሚረሳ ነገር፦ ስዊቹ 15.4 ዋት ሲልክ ለአክሰስ ፖይንቱ ዋስትና የተሰጠው 12.95 ነው። ቀሪው ለኬብሉ ኪሳራ የተተወ ነው፤ መንገድ ላይ ሙቀት ሆኖ ይቀራል።

በአጭሩ የማልፋቸው

ከ100 ሜትር አትለፉ፤ የሁለቱ ጫፍ አጫጭር ኬብሎች እዚያ ውስጥ ይቆጠራሉ።

አንዱን ኬብል ለሁለት ከፍላችሁ አራቱን ሽቦ ለአንዱ፣ አራቱን ለሌላው አትስጡ። ለስልክና ለድሮ ኮምፒውተር ሰርቶ ይሆናል፤ ፒኦኢ ላይ ግን መዘዝ ነው፣ ፍጥነቱም 100 ሜጋቢት ላይ ይቀራል።

የቤት ውስጥ ኬብል ፀሐይ ላይ አታውጡ። ልባሱ ደርቆ ይሰነጠቃል፣ ውኃ ይገባል። ደጅ ለሚሆነው ጥቁሩን የውጭ ኬብል ግዙ። ወደ ዕቃው ከመግባቱ በፊትም ወደ ታች ወርዶ እንዲመለስ አድርጉት፤ ዝናቡ እዚያው ይንጠባጠባል።

ከሕንፃ ወደ ሕንፃ በአየር ላይ መሳብ

የሐዋሳን ክረምት የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ከሰዓት በኋላ ሐይቁ ማዶ ይጠቁራል፣ ትንሽ ቆይቶ መብረቁ ይጀምራል። አንድ ግቢ ውስጥ ከዋናው ሕንፃ ወደ ጓሮው ማረፊያ ክፍሎች በቆርቆሮ ጣራ ላይ የተሳበ ኬብል ነበር። መብረቁ ግቢውን ቀጥታ አልመታም፤ አቅራቢያው ነው የወደቀው። በዚያ ኬብል በኩል የገባው ግን ስዊቹንና አምስት አክሰስ ፖይንት ይዞ ሄደ። ባለቤቱ የባንክ ብድር ያለበት ሰው ነው፤ ስዊቹን ስፈታ አጠገቤ ዝም ብሎ ቆሞ ነበር፤ ያ ፊቱ አይረሳኝም።

በሁለት ሕንፃዎች መካከል ፋይበር ሳቡ። መስታወት ነው፣ ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም። ማዶ ላይ ትንሽ የፒኦኢ ስዊች አስቀምጡና ኃይሉን ከዚያው ሕንፃ ስጡት። ፋይበር ካልተቻለ በሁለቱም ጫፍ ለፒኦኢ የተሰራ የሰርጅ (የድንገተኛ ኃይል ግፊት) መከላከያ አስገቡ፣ እሱንም በትክክል ከመሬት አገናኙት። ከመሬት ያልተገናኘ መከላከያ ምንም አይከላከልም፤ የመከላከያውን ሳጥን ግድግዳ ላይ መምታት ብቻውን በቂ አይደለም።

ስዊቹን የት እንደምታስቀምጡትም አስቡ። ልብስ ማጠቢያ ክፍል፣ የኩሽና ጀርባ፣ መተንፈሻ የሌለው የተቆለፈ ሳጥን አይሆንም። ፒኦኢ ስዊች ለሁሉም ኃይል እያከፋፈለ ስለሆነ ራሱ ይሞቃል።

ዩፒኤስም አስገቡለት። የፒኦኢ ትልቁ በረከት ይሄ ነው፤ አንድ ዩፒኤስ ስዊቹ ጋ ካለ መብራት ሲሄድ የሁሉም ፎቅ ዋይፋይ አይጠፋም። ዩፒኤሱን ስትመርጡ የስዊቹን ብቻ ሳይሆን በኬብል የሚልከውን ዋት አብራችሁ ቁጠሩ። ራውተሩንና የኢንተርኔት ሞደሙንም እዚያው ዩፒኤስ ላይ ሰኩ። አክሰስ ፖይንቱ ሁሉ በርቶ ሞደሙ ተራ ዲቫይደር ላይ ስለተሰካ ብቻ ኢንተርኔት የጠፋበት ቤት በዚህ ወር እንኳ ሁለት አግኝቻለሁ።