ቤት ልትሸጡ ካሰባችሁ ደላላ ከመጥራታችሁ በፊት ይሄን አንብቡ

አዲስ አበባ ውስጥ ቤት የሚሸጥ ሰው መጀመሪያ ደላላ ይጠራል፣ ከዛ ዋጋ ይከራከራል፣ ከዛ ቀብድ ይቀበላል፣ ወረቀቱ ትዝ የሚለው ውል ወደሚፈረምበት ቢሮ፣ ውልና ማስረጃ ሊሄድ ሲል ነው። እኔ ሽያጭ የሚበላሸው በዋጋ ሳይሆን ቅደም ተከተሉ ተገልብጦ ነው ባይ ነኝ። ስለዚህ ገዢ ሳይመጣ ካርታውን (የይዞታ ማረጋገጫውን) አውጡና ቁጭ ብላችሁ እዩት። ስማችሁ ከመታወቂያችሁ ጋር ይገጥማል? ካሬው አጥራችሁ ከያዘው ቦታ ጋር ይስማማል? የጣሪያና ግድግዳ ግብርና የቦታ ኪራይ ውዝፍ አለባችሁ? ቦታው ሊዝ ከሆነ ያልተከፈለው ስንት ቀረ? ባንክ አስይዛችሁት ከነበረና ብድሩን ከጨረሳችሁ እገዳው በደብዳቤ መነሳቱን አጣሩ፣ ብዙ ሰው ብድሩን ከፍሎ እገዳውን ማስነሳት ይረሳል፣ ከዛ ገዢው ሲያጣራ "የታገደ ነው" ተብሎ ሲመለስ ያፍራል።

የውርስ ቤት ከሆነማ ገና ብዙ ስራ አለባችሁ። የሞተው ሰው ስም ላይ ያለ ቤት አይሸጥም፣ መጀመሪያ ከፍርድ ቤት የወራሽነት ማረጋገጫ ይወጣል፣ ከዛ ስሙ ወደ ወራሾች ይዞራል፣ እና ሁሉም ወራሽ መፈረም አለበት፣ አሜሪካ ያለችውም እህት ጭምር። "እሷ ምንም አትልም" ብሎ ቀብድ የሚቀበል ወንድም የቤተሰብ ጠብ ነው የሚጠራው።

ያገባችሁ ደግሞ ካርታው በአንዳችሁ ስም ብቻ ቢሆንም በትዳር ውስጥ የተገኘ ቤት የጋራ እንደሆነ ነው የሚገመተው። የ1992ቱ የቤተሰብ ህግ የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥ የሁለቱንም ስምምነት ይጠይቃል፣ ያልተስማማው ወገን ካወቀ በ6 ወር፣ ቢበዛ ውሉ በተፈረመ በ2 ዓመት ውስጥ ፍርድ ቤት ሄዶ ሊያፈርሰው ይችላል። ያላገባም ሰው ያላገባ መሆኑን የሚያሳይ ማስረጃ ይጠየቃል፣ እሱን ቀድማችሁ አውጡ።

ኮንዶሚኒየም ከሆነ መሸጥ የሚከለክለውን የ5 ዓመት እገዳ አትርሱ። ሳይሞላ "በውክልና እንጨርሰዋለን" የሚል ደላላ አይጠፋም፣ አትስሙት። እንደውም በአጠቃላይ ስም ሳያዞሩ ለገዢ ውክልና ሰጥቶ መገላገል ብልጠት ይመስላል እንጂ ብዙ መዘዝ አለው፣ ቤቱ አሁንም በእናንተ ስም ነው፣ ግብሩ በእናንተ ይቆጠራል፣ ውክልና ደግሞ ወካዩ ሲሞት ያበቃል፣ ያኔ ልጆቻችሁና ገዢው ፍርድ ቤት ይተዋወቃሉ ማለት ነው።

ውጭ ሆናችሁ በዘመድ የምታሸጡ ካላችሁ "ጠቅላላ ውክልና አለው" ብላችሁ አትተኙ። በፍትሐብሔር ህጉ ቤት ለመሸጥ ልዩ ስልጣን ያስፈልጋል፣ ውክልናው ላይ መሸጥ እንደሚችል በግልፅ ይፃፍ። ገንዘቡ በማን አካውንት እንደሚገባም አብራችሁ አስገቡበት፣ ይሄ ይከብደኛል የሚል ዘመድ ካለ ሌላ ወኪል ፈልጉ።

አሁን ወደ ቀብድ። ደላላ በጣም የሚወደው ነገር ነው፣ ቶሎ ተቀበሉ ይላችኋል። የፍትሐብሔር ህጉ ግን (አንቀፅ 1885) በሌላ ካልተስማማችሁ ገዢው ሀሳቡን ቢቀይር ቀብዱን ያጣል፣ እናንተ ብትቀይሩ ደሞ እጥፍ ትመልሳላችሁ ነው የሚለው። 500 ሺ ብር ተቀብላችሁ በሳምንቱ የተሻለ ገዢ መጣ ብላችሁ ብታፈርሱ 1 ሚሊዮን ነው የምትመልሱት። ሰፈር ውስጥ በሶስት ምስክር የተፈረመ ወረቀት ላይም አትመኩ፣ የቤት ሽያጭ ውል በፅሁፍ ሆኖ ፍርድ ቤት ወይም ውልና ማስረጃ ፊት ካልሆነ አንዱ ወገን የካደ ቀን መከራ ነው።

ሌላው የተለመደ ነገር ግብር ለማሳነስ ውሉ ላይ ዋጋ መቀነስ። ገዢው ቀሪውን በእጅ ልስጣችሁ ይላል። በኋላ ቢክዳችሁ የምታሳዩት ውል ዝቅተኛውን ዋጋ ነው የሚናገረው፣ በዛ ላይ ከተማው የራሱን ግምት ስለሚያወጣ ያሰባችሁትን ያህል አታተርፉም። የቴምብር ቀረጥ 2% አለ፣ የስም ማዛወሪያ አገልግሎት ክፍያ አለ፣ ማን እንደሚከፍለው ውሉ ላይ ይፃፍ፣ በተለምዶ ገዢ ነው። ትርፉ ላይ ያለው ግብር (ካፒታል ጌይን) የሻጭ ነው፣ በገቢ ግብር አዋጅ 979/2008 ለህንፃ 15% ሲሆን ሙሉ በሙሉ ለመኖሪያ ብቻ ለዋለ ቤት ነፃ ነበር፣ አዋጁ በ2017 ስለተሻሻለ አሁን ያለውን ገቢዎች ሄዳችሁ ሳትጠይቁ ዋጋ አትቁረጡ።

ዋጋ ስትተምኑ ቴሌግራም ላይ የምታዩት የሚጠየቅ እንጂ የተሸጠበት አይደለም። የጎረቤታችሁ ግራውንድ ሱቅ በተሸጠበት ዋጋ ሊፍት የሌለው አራተኛ ፎቅ ልሸጥ ማለትም አያስኬድም። ለደላላ "ይሄን ያህል አግባልኝ ከዛ በላይ ያንተ" አትበሉ፣ እሱ የራሱን ጨምሮ ገዢ ሲያባርርባችሁ ለወራት ትቀመጣላችሁ፣ ኮሚሽን በፐርሰንት ተስማሙና ከገዢው ጋር ፊት ለፊት ተነጋገሩ። አንድ ነገር ልጨምር፣ የካርታ ፎቶ ለማንም አትላኩ። ሀሰተኛ ካርታ የሚሰሩ ሰዎች በዚህች ከተማ ጠፍተው አያውቁም፣ ካስፈለገ ቁጥሩን ሸፍናችሁ ላኩ፣ ዋናውን ገዢው ከናንተ ጋር ሆኖ ይየው።

ክፍያው በባንክ ወይም በሲፒኦ (ባንክ ባረጋገጠው የክፍያ ማዘዣ) ይሁን። ውልና ማስረጃ ስትፈርሙ "ገንዘቡን ሙሉ በሙሉ ተቀብያለሁ" የምትል ዓረፍተ ነገር አለች፣ ቀሪ እያለ እሷ ላይ አትፈርሙ፣ ገዢው ወንድማችሁ ቢሆንም። በባንክ ብድር የሚገዛ ከሆነ ባንኩ የሚልከው ኢንጂነር ከተስማማችሁበት ዝቅ አድርጎ ሊገምት ይችላል፣ ልዩነቱን ገዢው ከየት እንደሚያመጣው ቀድማችሁ ጠይቁ፣ እና ባንኩ ስም ሲዞር ገንዘቡን እለቃለሁ የሚል ደብዳቤ ሳይሰጣችሁ ስም አታዙሩ።

ተከራይ ካለ መቼ እንደሚለቅ በፅሁፍ አድርጉ። የመብራትና የውሃ ቆጣሪው ስም እስኪዞር ድረስ ሂሳቡ በናንተ ስም ነው የሚመጣው፣ ቁልፍ የምታስረክቡ ቀን የቆጣሪውን ንባብ ፎቶ አንሱና ሁለታችሁም ፈርሙበት።