ጥቁርና ነጭ ፎቶ ስናትም ግራጫውን አረንጓዴ፣ ፊቱን ከሰል የሚያደርጉብን ስህተቶች

ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ፣ ወልድያም ሆነ ሐይቅ ፎቶ ቤት ያላችሁ ታውቁታላችሁ፣ ሰው የአባቱን የድሮ ፎቶ ይዞ ይመጣል፣ አሳድጋችሁ ሳሎን የሚሰቀል አድርጉልኝ ይላል፣ ስካን ታደርጋላችሁ፣ ጭረቱን ታጸዳላችሁ፣ ስክሪን ላይ በጣም ያምራል፣ ሲታተም ግን ወይ አረንጓዴ ነገር ይሆናል ወይ ፊቱ ጠቁሮ ዓይንና ቅንድብ አይለይም። «አባባ እኮ ቀይ ሰው ነበሩ» ትላለች ልጅየው፣ እውነቷን ነው። ወላሂ ያሳዝነኛል፣ ለብዙ ቤተሰብ እኮ የቀረችው ያቺ አንድ ፎቶ ናት። ከዛ ፕሪንተሩ ይሰደባል፣ ቀለሙ ይሰደባል፣ አብዛኛውን ጊዜ ግን ችግሩ ካሊብሬት ሳናደርግ፣ ማለትም የሚታተመው ከምናየው ጋር እንዲገጥም ፕሪንተሩንና ስክሪኑን ሳናስተካክል ማተማችን ነው።

ኖዝል ቼክ፣ ማለትም ቀለም የሚወጣባቸው ቀዳዳዎች (ኖዝሎች) መከፈታቸውን የሚያሳየውን የሙከራ ህትመት ሳያደርጉ መጀመር። መብራት እያተማችሁ ሲጠፋ የፕሪንተሩ ሄድ (ቀለም የሚረጨው ክፍል) ማረፊያው ጋ ሳይደርስ ክፍቱን ይቀራል፣ ቀለሙም ጫፉ ላይ ይደርቃል። ከለር ፎቶ ላይ አንድ ሁለት ኖዝል ቢደፈን ላታዩት ትችላላችሁ፣ ጥቁርና ነጭ ላይ ግን ወዲያው ያስታውቃል፣ ምክንያቱም እንደ ኤፕሰን ኤል 805 ያሉት ባለስድስት ቀለም ፕሪንተሮች ግራጫ ቀለም የላቸውም፣ ግራጫውን የሚሰሩት ሲያን (ውሃ ሰማያዊ)፣ ማጀንታ (ደማቅ ሮዝ) እና ቢጫ ከጥቁሩ ጋር እየቀላቀሉ ነው። ስለዚህ ማጀንታው ከጎደለ ወደ አረንጓዴ ይሄዳል፣ ቢጫው ከጎደለ ወደ ሰማያዊ፣ ሲያኑ ከጎደለ ቀላ ይላል። ቢጫዋ ነጭ ወረቀት ላይ በደንብ ስለማትታይ ቼኩን መስኮት ጋ ወስዳችሁ እዩት። ክሊኒንግ (የፕሪንተሩን የሄድ ማጽጃ) አንድ ሁለቴ አድርጋችሁ ካልተከፈተ ጥቂት ሰዓት አሳርፉት፣ ደጋግሞ መጫን ቀለሙን ይጨርሳል፣ የቆሻሻ ቀለም መምጠጫውንም ይሞላል። ስታጠፉም በራሱ ማጥፊያ አጥፉት እንጂ ከሶኬት አትንቀሉት፣ ዩፒኤስ ካላችሁ ደግሞ ፕሪንተሩንም እዛ ላይ ሰኩት፣ ለኮምፒውተሩ ብቻ አይደለም።

በጥቁር ቀለም ብቻ ማተም። አረንጓዴውን ለመሸሽ ብለው በጥቁር ብቻ እንዲያትም የሚያደርጉ አሉ። አረንጓዴው በርግጥ ይጠፋል፣ ግን ቀላል ጥቁር የሚባለው ቀለም ስለሌለ ብርሃን ያለበት ቦታ፣ ግንባርና ጋቢ ላይ፣ ነጠብጣቡ በዓይን ይቆጠራል። ግራጫ ቀለም ያላቸው እንደ ኤል 8180 ያሉት እዚህ ላይ በጣም ይሻላሉ፣ እንዲህ ያለ ስራ ብዙ የሚመጣላችሁ ከሆነ ቀጣዩን ስትገዙ አስቡበት።

የወረቀቱን ዓይነት መዋሸት። ማት (የማያብረቀርቅ) ወረቀት አስገብቶ ሴቲንጉ ላይ ግሎሲ (የሚያብረቀርቅ) መምረጥ ማለት ፕሪንተሩን ወረቀቱ የማይችለውን ያህል ቀለም አፍስስ ማለት ነው፣ ጥላው ሁሉ ይዘጋል፣ ዝርዝሩ ጠፍቶ አንድ ጥቁር ይሆናል። ማት ወረቀት ደግሞ በተፈጥሮው የግሎሲን ያህል አይጠቁርም፣ ያንን በቀለም ብዛት ላምጣው ብትሉ የምታጡት የኮቱን እጥፋትና የጸጉሩን ዝርዝር ነው።

ሁለት ጊዜ ከለር ማስተካከል። ፎቶሾፕ በፕሮፋይል (ፕሪንተሩ በዚያ ወረቀት ላይ ከለሩን እንዴት እንደሚያወጣ በሚነግረው ፋይል) ያስተካክላል፣ ከዛ ድራይቨሩ (ኮምፒውተሩ ላይ ፕሪንተሩን የሚያዘው ሶፍትዌር) የራሱን ይጨምርበታል፣ እንግዲህ የሚወጣው የማንም አይደለም። አንዱን ምረጡ፣ ፎቶሾፕ ከሆነ የሚያስተካክለው ድራይቨሩ ላይ የከለር ማስተካከያውን ዝጉት። ፕሮፋይሉም የዛው ፕሪንተር፣ የዛው ቀለምና የዛው ወረቀት መሆን አለበት፣ ገበያ ላይ ያገኛችሁትን ሌላ ቀለም ከሞላችሁበት የድሮው ፕሮፋይል አይሰራም።

የሞኒተሩን ብራይትነስ ጥግ ላይ መተው። ነጭ ወረቀት ስክሪኑ አጠገብ ያዙ፣ ስክሪኑ ከወረቀቱ በላይ የሚያበራ ከሆነ የምታትሙት ሁሉ የጠቆረ ይመስላችኋል፣ ቀንሱት።

አሁን ዋናው፣ በደንበኛ ፎቶ ላይ መሞከር። ብራይትነሱን ከፍ፣ ኮንትራስቱን ዝቅ፣ እንደገና ማተም፣ ወረቀት ያልቃል፣ ነገ ሌላ ፎቶ ሲመጣ ደግሞ ከዜሮ ነው። በሱ ፈንታ ከነጭ እስከ ጥቁር በ5 በ5 ፐርሰንት የሚጨምሩ 21 ካሬዎች ያሉበት የግራጫ መሰላል ስሩና እሱን አትሙ። የእኛ ሀገር ፎቶ ሁለቱንም ጫፍ ይፈልጋል፣ ጠይም ፊት ከመሃሉ ወደ ጥቁሩ በኩል ያርፋል፣ ነጠላና ጋቢ ደግሞ ነጩ ጥግ ላይ፣ ስለዚህ ጥቁሩ ከተዘጋ ፊቱ፣ ነጩ ካመለጠ ጥለቱና የሸማው እጥፋት ይጠፋል። የታተመውን እዩት፣ ለምሳሌ ከ90 ፐርሰንት ወዲያ ያሉት ሁሉ አንድ ጥቁር ከሆኑ ፎቶሾፕ ላይ ሌቭልስ (የጥቁርና የነጭ ማስተካከያው) ውስጥ አውትፑት ጥቁሩን ከ0 ወደ 25 አካባቢ አምጡት፣ ጥቁረቱ አይቀንስም፣ ምክንያቱም ወረቀቱ እዛ ላይ የመጨረሻውን ጥቁር ሰጥቷል። ነጩ ጋ የ5 ፐርሰንቷ ካሬ ካልታየች ደግሞ አውትፑት ነጩን ከ255 ወደ 242 አውርዱት። መሃሉን ያሉትን ግራጫዎች በከርቭ (የፎቶሾፕ የብርሃን መስመር ማስተካከያ) ታስተካክላላችሁ። የታተመውን ጥቁረት መለኪያ መሳሪያው ውድ ስለሆነ መሰላሉን ለመለካት ስካነራችሁን ተጠቀሙ፣ ግን አውቶማቲክ ማስተካከያውን በሙሉ አጥፉት፣ አለበለዚያ እሱ ራሱ ያስተካክልና ይሸውዳችኋል። እርከኖቹ እኩል እስኪሆኑ አትሙ፣ ከርቩን በወረቀቱ ስም ሴቭ አድርጉት።

ከፕሪንተሩ እንደወጣ መፍረድ ደግሞ ሌላው ነው። ቀለሙ ሲደርቅ ጥቁረቱም መልኩም ይቀየራል፣ ክረምት ላይ ደሴ ጉሙ ሲወርድና ወረቀቱ እርጥበት ሲይዝ ደግሞ ይብሳል፣ ስለዚህ መሰላሉን አሳድሩትና በማግስቱ እዩት፣ የተረፈውን ወረቀትም በላስቲክ ጠቅልላችሁ አስቀምጡ። ከከለር ቀለም የተሰራ ግራጫ በኤልኢዲ መብራት ስር ልክ ሆኖ ውጭ ስታወጡት ሊቀላ ወይም አረንጓዴ ሊሆን ስለሚችል በሁለቱም እዩት፣ ደንበኛውንም የት ነው የሚሰቀለው ብላችሁ ጠይቁት፣ መስኮት ያለው ሳሎን ከሆነ ለቀን ብርሃን አስተካክሉ። መሰላሉ ጀርባ ላይ ወረቀቱን፣ ቀለሙንና ሴቲንጉን ጻፉበት፣ ቀለም ወይም ወረቀት በቀየራችሁ ቁጥር አዲስ አትማችሁ ከድሮው ጎን አስቀምጡት።