በሽታ ከችግኝ ጣቢያ እንዳይወጣ

በጅማ የክረምቱ ዝናብ ሲጠና ከማና፣ ከጎማ፣ ከሰቃ ጨቆርሳና ከሊሙ ኮሳ የሚመጡ ገበሬዎች የቡናና የአቮካዶ ችግኝ ጭነው ይመለሳሉ። በማሳ ላይ የታመመ ተክል ጎረቤቱን የሚይዘው ቀስ እያለ ሲሆን፣ ከአንድ ችግኝ ጣቢያ የወጣ በሽታ ግን በጥቂት ቀናት ውስጥ ብዙ ቀበሌ ይደርሳል። የጠወለገውን ችግኝ ገዢው ራሱ አይቶ ይተወዋል፤ እጅግ የሚያሳስበኝ ቅጠሉ ለምልሞ ሳለ በሥሩ ወይም በሚያድግበት የፕላስቲክ ቱቦ አፈር በሽታ ይዞ የሚሄደው ነው።

ስለዚህ ከሁሉ በፊት አፈሩን መመርመር ያስፈልጋል። ለቱቦ መሙያ የሚሆነውን አፈር ከጫካ ስናመጣ የደረቀ ቡና ከነበረበት ቦታ ፈጽሞ መውሰድ የለብንም፤ ምክንያቱም የግንድ አድርቅ በሽታ አምጪው ፈንገስ በሞተው ግንድና በአካባቢው አፈር ውስጥ ስለሚቆይ ነው። አንድ የቡና ዛፍ በዚህ በሽታ መድረቁን ለማረጋገጥ ከግንዱ ሥር ልጡን ላጥ አድርጎ ማየት ይቻላል፤ ከልጡ በታች ያለው እንጨት ወደ ሰማያዊ ያደላ ጥቁረት ካሳየ የዚያ አካባቢ አፈር ለችግኝ አይሆንም። ከንጹሕ ቦታ የመጣውንም አፈር ቢሆን በበጋው ጠራራ ፀሐይ ማከም ይበጃል። አፈሩን ከአንድ ስንዝር ባልበለጠ ውፍረት አሰራጭቶ ውኃ ማርከፍከፍ፣ ብርሃን በሚያሳልፍ ፕላስቲክ መሸፈንና ጠርዙን በአፈር አፍኖ ከ4 እስከ 6 ሳምንት መተው ነው። ጥቁር ፕላስቲክ አፈሩን በዚያው መጠን ስለማያሞቀው ለዚህ ሥራ አይመረጥም። ፍግና ብስባሽም በደንብ ሳይብላላ መቀላቀል የለበትም።

ዘርን በተመለከተ፣ የቡና ፍሬ በሽታ በኢትዮጵያ መኖሩ ከታወቀበት ከ1971 እ.ኤ.አ. ወዲህ በጅማ የግብርና ምርምር ማዕከል፣ ሰዉ መልኮ በሚለው፣ 74110 እና 74112ን የመሳሰሉ በሽታውን የሚቋቋሙ ዝርያዎች ወጥተዋል። ሆኖም ለፍሬ በሽታ የተመረጠ ዝርያ ሌላውን በሽታ ሁሉ ይቋቋማል ማለት ስላልሆነ፣ በዝርያው ተማምኖ የጣቢያውን ንጽሕና ችላ ማለት ትልቅ ስሕተት ነው። የአቮካዶ ዘር ደግሞ መሬት ከወደቀ ፍሬ ሳይሆን ከዛፉ ላይ ከተለቀመ ፍሬ ይወሰድ። ዘሩን ከ49 እስከ 50 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሞቀ ውኃ ለ30 ደቂቃ ዘፍዝፎ ወዲያው ማቀዝቀዝ ሥር አበስባሹን በሽታ ይከላከላል፤ ነገር ግን ሙቀቱ ከዚህ ካለፈ ዘሩ ስለሚሞት ያለ ቴርሞሜትር ባይሞከር ይሻላል።

ውኃ ማብዛት እንደ ደግነት ይታያል፤ ለችግኝ ግን ጉዳት ነው። በመጀመሪያው ዓመት ሥራዬ ጠዋትም ማታም ያጠጣሁት የቡና መደብ ገና ቅጠል ሳያወጣ፣ ግንዱ ከአፈሩ ጋር በሚገናኝበት ቦታ እየጠቆረና እየቀጠነ ከዳር እስከ ዳር ወድቋል። ከዚያ ወዲህ ጠዋት ብቻ፣ የአፈሩን እርጥበት በጣት ፈትሼ አጠጣለሁ፤ ዘሩንም አራርቄ እዘራለሁ፤ ለጥላ የተሠራውን ዳስም ችግኙ እያደገ ሲሄድ አሳሳዋለሁ። ከማሳ የታጠበ ጎርፍ ከሚገባበት ቦይ ይልቅ የጉድጓድ ውኃ ይመረጣል፤ ቱቦዎቹም ውኃ በማይቋጥር፣ ከፍ ባለና ጠጠር በተነጠፈበት ቦታ ይደርደሩ።

እንሰት የሚያለማ ሰው ሁሉ የአጠውልግ በሽታ በቢላ ከተክል ወደ ተክል እንደሚሄድ ያውቃል። በማዳቀያ ቢላ፣ በመቀስና በገጀራም ላይ ይኸው ጥንቃቄ መደረግ አለበት። በመጀመሪያ ጭቃው በሳሙና ይታጠብ፤ ከዚያ አንድ እጅ በረኪና ከዘጠኝ እጅ ውኃ ጋር ተበጥብጦ መሣሪያው ለጥቂት ደቂቃ ይነከር፤ እንዳይዝግም በንጹሕ ውኃ ይለቅለቅ። ውሁዱ ኃይሉን ስለሚያጣ በየቀኑ አዲስ ይዘጋጅ። ከማሳ መጥቶ በቀጥታ ወደ መደብ የሚገባ ሰውም ጫማውን በር ላይ አጥቦ ቢገባ ያለ ብዙ ወጪ ብዙ ጥፋት ይቀራል።

ከሌላ ጣቢያ የመጣ ችግኝ ቢያንስ ለአንድ ወር ለብቻው ርቆ ይቀመጥ፤ በየሳምንቱም ቅጠሉ ይገልበጥ፤ ከቅጠሉ በታች ብርቱካናማ ዱቄት የመሰለ ነገር ከታየ የቅጠል ዝገት ነው። ከሽያጭ በፊት ከየመደቡ ጥቂት ችግኞችን ከቱቦው አውጥቶ ሥራቸውን ማየት ግድ ይላል፤ ጤናማው ነጣ ያለና ጠንካራ ሲሆን፣ ቡናማ የሆነና የሚላላጥ ሥር የመበስበስ፣ ቋጠሮ የበዛበት ሥር ደግሞ የኔማቶድ ትሎች ምልክት ነው። እንዲህ ያለ መደብ ለጊዜው አይሸጥም፤ የታመመው ከነአፈሩ ተነሥቶ ይቃጠላል እንጂ ወደ ብስባሽ ጉድጓድ አይጣልም፤ ያገለገለ ቱቦም ሁለተኛ አይሞላም።

በመጨረሻ፣ የትኛው መደብ መቼ እንደተዘራ፣ አፈሩና ዘሩ ከየት እንደመጣ፣ ችግኙንም ማን ስንት እንደወሰደ በደብተር ይመዝገብ። ከወራት በኋላ አንድ ገዢ ችግኙ መድረቁን ሲናገር፣ ከዚያው መደብ ለወሰዱት ሁሉ በዚያው ቀን ስልክ መደወልና ለቀበሌው የግብርና ባለሙያ ማሳወቅ የሚቻለው ይህ ደብተር ሲኖር ነው።