ለጎንደር ክረምት አሮጌ መኪና የምትገዙ

አሮጌ ኮሮላ ዲኤክስ ወይም ቪትዝ ልትገዙ ያሰባችሁ ካላችሁ ሰኔ ሳይገባ ይችን አንብቧት። ደላላው ቀለሙን ሲያሞግስላችሁ እናንተ ምንጣፉን ግለጡ። ከስሩ እርጥበት ወይም ዝገት ካለ ውኃ እየገባ ነው። ቀለም ይታደሳል፤ ዝገት የበላው ወለል ግን ኪስ ያራቁታል። የሚቻል ከሆነ ዝናብ በዘነበ ማግስት፣ ጠዋት ሞተሩ ሳይሞቅ አስነሱት። ሻጩ አስቀድሞ አሙቆ ከጠበቃችሁ ጠርጥሩ።

ዋናው ነገር ጎማ ነው። የእኛ ከተማ ዳገትና ቁልቁለት፣ እርጥብ ኮብልስቶን ላይ ጥርሱ ያለቀ ጎማ አይዝም። ጥርሱ ደህና ቢመስልም ጎኑ ላይ ያለውን ባለ አራት አሃዝ ቁጥር እዩ፤ 2316 ከሆነ በፈረንጆች 2016 በ23ኛው ሳምንት የተመረተ ነው። እንዲህ ያረጀ ጎማ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል። ገንዘብ ካጠረ ሬዲዮው ይቅር፣ ጎማው ይቀየር።

የዝናብ መጥረጊያ ላስቲክ ርካሽ ነው፤ በየክረምቱ ቀይሩ። የባትሪውን ጫፎች ከነጭ ዝገት አጽዱ። በካርቡራተር (ነዳጅና አየር በሚቀላቅለው ዕቃ) የሚሠሩት አሮጌዎቹ እርጥበት ሲበዛ አልነሳ የሚሉት ብዙ ጊዜ የካንዴላ (ነዳጁን የሚያቀጣጥለው ብልጭታ ሰጪ) ገመዳቸው ስለተሰነጠቀ ነው፤ መካኒኩ ሞተር ላውርድ ከማለቱ በፊት እሱን አሳዩት።

ጎርፍ ካቋረጣችሁ በኋላ በዝግታ እየነዳችሁ ፍሬኑን ደጋግማችሁ ቀስ ብላችሁ ርገጡ፤ የፍሬኑ ሸራ ይደርቃል። ወደ ደባርቅ የምትወጡ ደግሞ ኮሶዬ ላይ ጉም ሲወርድ ረጅሙን መብራት አታብሩ፤ ጉሙ መልሶ ዓይናችሁ ላይ ያበራዋል። አጭሩ ይበቃል።